መሥራቹ ሳይቀመጥበት

የአማቴ ሥራ መቀመጥ ነበር። ይህን ስል ሰነፍ ነበሩ ማለቴ አይደለም። እሳቸው በመሠረቱት የወንበር ፋብሪካችን እንጨቱን የሚቆርጠውና የሚያያይዘው አናጺው ነው። ቀቢው ያለሰልሰውና ቀለም ይቀባዋል። ስፖንጁንና ጨርቁን ደግሞ አልባሿ የምንላት ሴትዮ ታለብሰዋለች። ከዚያ በኋላ ያለቀለት ወንበር በመተላለፊያው ጫፍ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ይገባል፤ አማቴም ይቀመጡበታል።

አቀማመጣቸው ወግ ነበረው። በሩ ይዘጋል። መጀመሪያ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ቀጥሎ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ወንበሩ ሲያቃስት እስከ አናጺው ጠረጴዛ ድረስ ይሰማል፤ ከባድ ሰው ነበሩ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ አንዳንዴ እንቅልፍ ነው፤ ግን እንቅልፍ ነው ብሎ አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም። በመጨረሻ በቀለበታቸው የወንበሩን ክንድ ይመታሉ። ሁለቴ ከመቱ ወንበሩ አልፏል፤ ቀቢው ገብቶ ተሸክሞ መኪና ላይ ይጭነዋል። አንዴ ብቻ ከመቱ ወድቋል፤ ወደ አናጺው ይመለሳል። ምን እንደጎደለው አይናገሩም። አናጺው አንድ ጊዜ ጠይቆ ነበር።

«የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ የምትሠራው አንተ» አሉት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀም።

እሳቸው እየተቀመጡ ሰው አይገባም። ልጃቸው እንኳ አትገባም። ልጃቸው ባለቤቴ ናት፤ ደንበኛውንም፣ ሠራተኛውንም፣ ሂሳቡንም፣ እኔንም የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። ተወልዳ ያደገችው ከፋብሪካው በላይ ባለው ቤት ነው። ዕድሜ ልኳን ከተነፈሰችው አየር ግማሹ የእንጨት ብናኝ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሳሏን መጀመሪያ ጉንፋን አልነው። ቀጥሎ ብርድ አልነው። ሐኪሙ ግን የሳንባዋን ፎቶ መስኮቱ ላይ ለጥፎ ብዙ ካየ በኋላ፣ «መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ከዚያ ቤት ውጪ» አላት።

«ከላይኛው ነው ከታችኛው?»

«ከሁለቱም» አለ። «ቶሎም ውጪ። እየቆየሽ ስትሄጂ ብትወጪም የማይለቅሽ ይሆናል።»

ስለዚህ ለመሸጥ ተወሰነ። የመጣው ገዢ ሁሉ ግን የሚያየው ቦታውን እንጂ ወንበሩን አልነበረም። አማቴ ደግሞ ወንበራቸውን ለማያይ ሰው በር አይከፍቱም። ባለቤቴ እየሳለች፣ አባቷ እየመለሱ፣ ከረመ። በመጨረሻ አንድ ኩባንያ እንደራሴውን ላከ። ሰውየው መነጽሩን ወልውሎ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየ፤ ገልብጦም ሥራቸውን አየ። አማቴ ያን ጊዜ ተረቱ።

ውሉን ጠበቃችን አነበበልን። ብዙው ስለ ማሽንና ስለ ጣሪያ ነበር። አንዱ አንቀጽ ግን የሻጭ ማረጋገጫ ይባላል፤ ከፊርማው እስከ ርክክቡ ድረስ ሻጭ ሥራውን እንደወትሮው ያካሂዳል፣ ልማድ የሆነውን አያቋርጥም፣ ልማድ ያልሆነውን አይጀምርም ይላል።

«ይሄም ማረጋገጫ ያስፈልገዋል?» አሉ አማቴ። «እኔ መቼ ሌላ ነገር ጀምሬ አውቃለሁ?»

«ሰው ሊሸጥ ሲል ይዘናጋል» አለ የኩባንያው ሰው። «ጌቶቼ የሚገዙት ትናንት የነበረውን ነው። ነገም እንደወትሮው ሆኖ ማግኘት ይፈልጋሉ። እንደወትሮው ከሆነ እንረከባለን፤ ካልሆነ እንተዋለን።»

ይህን ቃል በየአረፍተ ነገሩ ስለሚደግመው አልባሿ ከዚያ ቀን ጀምሮ «እንደወትሮው» ብላ ሰየመችው። ስሙም ያ ሆኖ ቀረ።

አማቴ ጣታቸውን ወደ ጠበቃው አነሱ። «እንግዲያው ልማዱን አጥርተህ ጻፍ። ማንኛውም ወንበር መሥራቹ ሳይቀመጥበት ከበር አይወጣም።»

እንደወትሮው ደስ አለው። ለማስታወቂያም ይሆናል አለ። አማቴ ፈረሙና እስክሪብቶውን ከደኑ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አሉ። «ቃሌ እስከ ርክክብ። እስከዚያ እቀመጣለሁ።»

ሳምንት ሳይሞላ ሞቱ። የሞቱት ደግሞ ቆመው ነው፤ ደረጃው ላይ፣ የደረጃውን መያዣ እንደጨበጡ። «ጋሼ ቆመው መሞት አይገባቸውም ነበር» እያለች አለቀሰች አልባሿ። ቀለበቱ ከጣታቸው አልወጣ ስላለ ከእሳቸው ጋር ተቀበረ።

ከቀብሩ በኋላ ባለቤቴ ጠበቃው ዘንድ ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«አባቴ ሞተዋል» አለችው። «ከእንግዲህ የሚቀመጥ የለም። ይሄ ውሉን አያስለውጠውም?»

«ውሉ ሞትን አያነሳም» አለ። «የሚያነሳው ወንበርን ነው።»

«እሺ፣ እስከ ርክክብ ሥራ እናቁም።»

«ማቆም እንደወትሮው አይደለም።»

«ሳይቀመጡበት እንላከው።»

«እሱም አይደለም። ከሁለቱ አንዱን ካደረጋችሁ ጥለው መሄድ ይችላሉ። ልለምናቸው እችላለሁ፤ ግን ከለመንኳቸው ችግር እንዳለ ያውቃሉ።»

ባለቤቴ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛ ሳለች። ከጠበቃው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት በሳሏ ነፋስ ተነሳ። ሌላ ገዢ እስኪመጣ የምትጠብቅበት ሳንባ እንደሌላት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችው።

ጠበቃው ትንሽ አሰበ። «እንደወትሮው» አለ።

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። አናጺው ሳያስበው ቆረጠ፣ አልባሿ ሳታስበው አለበሰች፣ ቀቢው ሳያስበው ያለቀውን ወንበር በመተላለፊያው ወስዶ ክፍሏ ውስጥ አስቀምጦ በሩን ዘጋ። እጅ የለመደውን ያደርጋል። ከምሳ በኋላ ወንበር ሲያቃስት ተሰማ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ በብረት፣ እንጨት ላይ።

ቀቢው ብሩሹን አስቀመጠ፤ ገባ፣ ተሸከመ፣ ወጣ፣ መኪናው ላይ ጫነ፣ ገመዱን አሰረ። ከዚያ በኋላ ነው መንገዱ ላይ ቁጭ ያለው።

ባለቤቴ መጥታ ወንበሩ ላይ እጇን አሳረፈች። እኔም አሳረፍኩ። ሞቃት ነበር። ጨርቁ ላይ ጉድጓድ አለ፤ ሰፊ ነው፤ ዓይናችን እያየ ቀስ እያለ ይነሳል። የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ያን የሚያክል መቀመጫ ያለው ሰው እኛ ዘንድ አንድ ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ ማነው የመታው?» አለ ቀቢው ከመሬት ሳይነሳ።

«ስንት ጊዜ ተመታ?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው ይላክ» አለች። እጇን ግን ከጨርቁ ላይ ለማንሳት ጊዜ ወሰደባት።

ሰው ጉድንም ይለምዳል። ከጥቂት ቀን በኋላ አልባሿ ወንበር ስታስገባ በሩን ማንኳኳት ጀመረች፤ በሕይወት እያሉ አንኳኩታ አታውቅም ነበር። «የሞተ ተጎዳ ይላሉ» አለችኝ። «ጋሼ ግን ሥራ ላይ ናቸው።» አናጺው ጡረታ ልጠይቅ ነው ሲል የከረመውን ነገር ተወው። «እሳቸው ሳይወጡ እኔ በየት አፌ?»

ባለቤቴ ግን አልለመደችውም። ማቃሰቱ ሲጀምር ሥራዋን ትታ መተላለፊያው ውስጥ ትቆማለች፤ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ። አትገባም፣ አትጠራም። ሁለቱ ምት ሲሰማ እንደ መንቃት ብላ ዞር ትላለች። እዚያ መተላለፊያ ውስጥ ብናኙ ከሌላው ቦታ ይብሳል፤ ንገራት ብትሉኝ ነግሬያታለሁ።

«እኔ እንድወጣ ነው አባዬ እዚያ የታሰረው» አለችኝ። «ቢያንስ ልቁምለት።»

እንደወትሮው ሐዘናችሁን ሰማሁ ብሎ መጣ። አጽናናን፤ ቀጥሎ መነጽሩን እየወለወለ፣ «ወንበሮቹ ግን እየወጡ ነው» አለ። «የሚቀመጠው ማነው?»

«አባቴ ይቀመጣሉ» አለች ባለቤቴ።

ለውሸታም ሰው የሚሆን ፊት አዘጋጅቶ አያት። ከዚያ ልየው አለ። መተላለፊያው ውስጥ በርጩማ ሰጠነውና ተቀመጠ። ወንበር ገባ፣ በሩ ተዘጋ። አቃሰተ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ኋላ። ዝም አለ። ሁለቴ ተመታ። እንደወትሮው ዘሎ በሩን ከፈተ። ክፍሏ ውስጥ ወንበሩና መስኮቷ ብቻ ነበሩ፤ መስኮቷ በብረት ዘንግ የተዘጋች ናት። ጉድጓዱ ሲነሳ ቆሞ አየ። መዳፉን አሳረፈ። ጮኾ ይሮጣል ብዬ መንገዱን ለቀቅኩለት።

«ይህ ከፊርማው በፊትም ነበር?» አለ።

«ከፊርማው በፊት ሰውየው ነበሩ» አልኩት።

«የምጠይቀው መቀመጡን ነው። ያኔም በዚህ ሰዓት? ያኔም ሁለት ምት?»

«አዎ።»

«ሙቀቱም?»

«ሙቀቱም።»

«መልካም» አለ። «እንደወትሮው ነው።»

በሌላ ቀን ሲመለስ ከጌቶቹ መልእክት ይዞ ነበር። ነገሩን ነግሯቸዋል፤ እነሱም ወደውታል። ደመወዝ የማይጠይቅ፣ የማይታመም፣ የማይሳሳት ፈታሽ የት ይገኛል? ስለዚህ ለውሉ አንድ መስመር ይጨመርልን ይላሉ፤ መቀመጡ ከርክክብ በኋላም ያለ ገደብ እንዲቀጥል ሻጭ ያረጋግጣል። የሚያረጋግጠውም ወራሽ ነው፤ ማለት ባለቤቴ።

«እኔ እንዴት ነው ለሙት የምፈርመው?» አለችው።

«እርስዎ የሚፈርሙት ለልማዱ ነው።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ያኔ ጌቶቼ የሚገዙትን አያውቁትም ማለት ነው» አለ በትሕትና። «ይቅርብን ይላሉ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶላት መተላለፊያው ውስጥ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። የዚያን ቀን ወንበር የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ያዘዙት ነበር፤ ሰፊ፣ ባለ ቆዳ፣ ጀርባው ረጅም። አናጺው ከሠራቸው ሁሉ እሱን የሚያክል የለም። ቀቢው አስገባውና በሩን ዘጋ። ማቃሰቱ ተጀመረ።

ባለቤቴ ወረቀቱን አጠፈች፣ መተላለፊያውን አለፈች፣ በሩን ከፍታ ገባች። እየተቀመጡ ሰው አይገባም ነበር። እንደወትሮው አፉን ሊከፍት ሲል በሩ ተዘጋ። ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግኩ፤ ባሏ ነኝ፣ ያምርብኛል።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለች። በሰው ፊት እርስዎ ነበር የምትላቸው። «ቃልህ እስከ ርክክብ ነው፤ ሰምቼሃለሁ። አሁን ከዚያ ወዲያም እንድትቀመጥላቸው ፈርሚልን ይሉኛል። ካልፈረምኩ አይገዙም። ከፈረምኩ እኔ እወጣለሁ፤ አንተ ግን እዚህ…»

ሳሉ ቆረጣት። እንዲህ ያለ ሳል ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ ጆንያ እንደሚቀደድ ነበር። እየረዘመ ሄደ፤ በመሐሉ አየር ስትስብ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ እንደሚነፋ ነፋስ ያፏጫል። የበሩን እጀታ ያዝኩ። ያኔ ወንበሩ አቃሰተ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ከባድ ሰው ሲነሳ ነው። ቀጥሎ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ቀላል ሰው ሲቀመጥ። ሳሉ ቆመ።

ብዙ ቆየ። እንደወትሮው ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ተመታ፤ በብረት፣ አንድ ጊዜ።

ሁለተኛውን ጠበቅን። አልመጣም። በሩ ተከፈተና ባለቤቴ ወጣች። የጋብቻ ቀለበቷ ሙጫ እንዳይነካው ሁልጊዜ ላይኛው ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ጣቶቿ ባዶ ነበሩ።

«ወድቋል» አለች።

«ምኑ ነው የጎደለው?» አለ እንደወትሮው።

«አይናገሩም።»

«መጣሉስ ልማድ ነው?»

«እሱን እኔን ጠይቀኝ» አለ አናጺው ከጠረጴዛው ሆኖ።

አናጺው ወንበሩን ገለበጠ፣ መጋጠሚያዎቹን ፈተሸ፣ ተቀመጠበት፣ ተነሳ። ምንም አላገኘም። በማግስቱ የገባውም ወንበር አንድ ጊዜ ተመታ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። ከዚያ በኋላ የገባው ሁሉ ወደቀ። አናጺው ቆሽቱ አረረ፤ አልባሿ የሰፋችውን ፈታ ሰፋች፤ ወንበሩ ግን ያው ነበር፤ አንድ ምት ብቻ። የወደቁት ወንበሮች መተላለፊያውን ሞልተው ደረጃው ሥር ደረሱ፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተራ የሚጠብቁ ይመስላሉ። አንድም ወንበር ከበር አልወጣም። ባለቤቴ ወረቀቱን አልፈረመችም፣ አልመለሰችም፤ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

ኩባንያው አስቀድሞ ቃል የገባላቸው ደንበኞች ወንበራችን የት አለ ማለት ጀመሩ። እንደወትሮው ጠበቃችንን ይዞ መጣ።

«ይህ እንደወትሮው አይደለም» አለ። ከአፉ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ጠበቃው አንቀጹን ፈልጎ አነበበ። «ይቀመጥበታል ይላል እንጂ ያልፋል አይልም። ተቀምጠውበታል?»

«ተቀምጠውበታል» አለ ቀቢው።

«እንግዲያው ሻጭ ቃሏን ጠብቃለች። ውሉን ማፍረስ ብትፈልጉ አፍራሾቹ እናንተ ናችሁ።»

እንደወትሮው ፊቱ ቀላ። ጉድለቱን ራሴ አገኘዋለሁ ብሎ ኮቱን አወለቀ። የዋና ሥራ አስኪያጁን ወንበር እንደገና አስገቡልኝ አለ። አስገባንለት፤ ገብቶ በሩን ራሱ ዘጋ። ወንበሩ ወደ ቀኝ አቃሰተ፤ እሱ ገና ወደ ወንበሩ እየሄደ ነበር፣ እግሩ ወለሉ ላይ ሲራመድ ይሰማኛል። ከዚያ እርምጃው ቆመ። ከዚያ አጭር ትንፋሽ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው የሚተነፍሰው ዓይነት።

በሩን በጀርባው ገፍቶ ወጣ። መነጽሩ እጁ ላይ ነበር።

«ልቀመጥ ስል…» አለ። ኮቱን ፈለገ፤ ለብሶት እንደነበር ሁሉ ትከሻውን ዳሰሰ። «ሰው አለበት» አለ ቀስ ብሎ።

አልባሿ ኮቱን አቀበለችው። «እኔስ አንኳኳ ልልህ ነበር» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ አለቀ። አዲሱ መስመር ቀረ። የድሮውም መስመር፣ አማቴ ጣታቸውን አንስተው ያስጻፉት፣ በሁለቱም ወገን ፈቃድ ይሰረዝ ተባለ። ባለቤቴ ብዕሩን ይዛ መስመሩ ላይ ቆየች። ከዚያ እንደ ልጅ እጇን አጥብቃ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ሰረዘችው። ከጠባቧ ክፍል የሚያቃስት ነገር አልነበረም። የመጋዙ ድምፅ ብቻ ነበር።

ርክክቡ ሆነ። የወደቁት ወንበሮች ማንም ሳይቀመጥባቸው ተጫኑ። ከዋና ሥራ አስኪያጁ ወንበር በቀር፤ ሰውየው ያን ወንበር ፊቴ እንዳታመጡት ብለዋል አሉ። ማንም የማይፈልገውን ነገር ወደ ቤት የመውሰድ ጠባይ አለኝ፤ ከዕቃችን ጋር ጫንኩት።

አሁን የምንኖረው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት የሚገባው አየር ብቻ ነው። ሐኪሙ አዲሱን ፎቶ መስኮቱ ላይ ለጥፎ አየና ብዙ አልቆየም፤ ደኅና ምልክት ነው። ሳሉ በቀን አንዴ ይመጣል፣ አንዳንዱን ቀን ይረሳናል። ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ባለው በዚያ ወንበር ላይ ታርፋለች። ወንበሩ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ወደ አንዱ ጎን ጠጋ ብላ ነው የምትቀመጠው። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

አንድ ቀን እንደወትሮው ስልክ ደወለ። ክፍሏ ጸጥ ብላለች አለ። ጌቶቹ አስበውበታል፤ ፈታሹ ቢመለስ ጥሩ ነበር ይላሉ። ስንሸጥላቸው አብሮ የተሸጠ ነገር አይደለም ወይ?

«መስመሩን ሰርዛችሁታል» አለችው ባለቤቴ፤ ስልኩንም ዘጋች። ከዚያ ብርድ ልብሷን ይዛ ወደ ወንበሯ ሄደች።

እኔ ወጥ ቤት ሳህን እያጠብኩ ነበር። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ትንፋሿ በበሩ በኩል ይሰማኛል፤ ረጅም፣ ለስላሳ፣ ፉጨት የሌለው። ከዚያ ተመታ። ሁለት ጊዜ፣ በብረት፣ እንጨት ላይ።

እጄን ሳላደርቅ ሄጄ በሩን ገርበብ አደረግኩ። ባለቤቴ ተኝታለች፤ ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ የወንበሩ ጀርባ የማይደርስበት ባዶ ቦታ ላይ አርፏል። ሁለቱም እጆቿ ከብርድ ልብሱ ሥር ነበሩ።

ሁለቴ ሲመታ ገብቶ መሸከም ነው ልማዱ። በሩን ቀስ አድርጌ መለስኩትና ወደ ሳህኔ ተመለስኩ።